የሳንቲሞቻችንን መልክ ማን ይመዝግብ?

በመሳቢያችሁ ጥግ ወይም በአሮጌ ኮት ኪስ የቀሩ ሦስት አራት ባለ አሥር ሳንቲሞች ካሏችሁ እባካችሁ አውጧቸው። በአንደኛው ገጽ የደጋ አጋዘን አለ፤ በሌላው የአንበሳ ራስ፣ አብሮትም ፲፱፻፷፱ የሚለው ዓመተ ምሕረት። ጎን ለጎን ደርድራችሁ በማጉያ መነጽር፣ እርሱ ከሌለም በስልካችሁ ካሜራ፣ የአንበሳውን ራስ ብቻ ተመልከቱ። ዕድል ከቀናችሁ የአንዱ ራስ ከሌላው ተልቆ ታገኙታላችሁ፤ ከአገጩ የሚወርደው ጢምም በአንዱ ረዝሞ በሌላው አጥሯል። አገሩ አንድ፣ ዋጋው አንድ፣ ዓመተ ምሕረቱም አንድ፤ አንበሳው ግን ሁለት ነው።

«ታዲያ ምን ይሁን?» የሚለኝ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጫኖ ላይ፣ ሙዝና ማንጎ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲያልፍ እያየሁ፣ የአንበሳ ጢም ስቆጥር ጎረቤቶቼም ይህንኑ ይሉኛል። ሳቃቸው አይከፋኝም። ሆኖም ጥያቄው መልስ ያለው ይመስለኛልና ልሞክር።

ሳንቲም እንደ መጽሐፍ በቀለም አይታተምም፤ ይመታል። ቀራጺው ምስሉን ገልብጦ በጠንካራ ብረት ላይ ያወጣዋል፤ ይህን ብረት በዚህ ጽሑፍ «ማኅተም» እለዋለሁ። አንድ ማኅተም ለፊት፣ አንድ ለጀርባ ተዘጋጅቶ ባዶው ክብ በመካከላቸው ሲጨፈለቅ ሳንቲም ይወለዳል። ማኅተሙ ብረት ቢሆንም ዕድሜ አለው፤ ሲመታ ሲመታ ይዶለዱማል፣ ይሰነጠቃል፣ በሌላ ይተካል። በተተኪው ላይ የአንድ ላባ አቅጣጫ፣ የአንድ ፊደል እግር፣ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለች ክፍተት ከቀድሞው ትለያለች። ሌላ አገር ያለ ሌላ ቤት ሲሠራውማ ልዩነቱ ይሰፋል። እነዚህን ልዩነቶች ለቅሞ፣ በሥዕል አስደግፎ፣ ቁጥርና ስም ሰጥቶ የሚይዝ መዝገብ በአማርኛ፣ በእኛው እጅ ሊሠራ ይገባል ባይ ነኝ።

እስካሁን በእጄ የገባው ሁሉ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ዴኒስ ጊል እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተመው የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የጣልያን ሶማሊያ ሳንቲሞች መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። የማርያ ትሬዛን ብር ዓይነቶች አንድ በአንድ የዘረዘረው የዋልተር ሃፍነር መዝገብም በባዕድ ቋንቋ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በዚሁ ብር የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ የጻፉት ሰፊ ጥናትም እንግሊዝኛ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም፤ እነርሱ ባይደክሙ ዛሬ የምንነሣበት መሬት አይኖርም ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። መጽሐፉን የሚያነበው ሰው ሳንቲሙ የለውም፤ ሳንቲሙን በሣጥኑ ያኖረው ሰው መጽሐፉን አያነብም። ሁለቱ የሚገናኙት በብዛት በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በአንጥረኛው ወናፍ ፊት። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

እስቲ የማርያ ትሬዛን ብር፣ አባቶቻችን ጠገራ ያሉትን፣ እንይ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1780 ማብቂያ ላይ ነው። በብሩ ላይ ያለውም ዓመት ይኸው 1780 ነው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላ እርሷን አስመስሎ፣ ያንኑ ዓመት አጽፎ ብሩን መቅረጽ እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ። ከምስሏ ሥር ያሉት ሁለቱ የላቲን ፊደላት፣ ኤስ እና ኤፍ፣ የጉንዝቡርግ ገንዘብ መቅረጫ ቤት ሹማምንት የነበሩት የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሁለቱ ሰዎች ከሞቱ ወዲያ ስማቸው ባላዩት አገር፣ በማያውቁት ሕዝብ እጅ ከመቶ ዓመት በላይ ሲዞር ኖረ። ከዚህ የበለጠ እንግዳ መታሰቢያ ያገኘ የመንግሥት ሠራተኛ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ብሩን ቪየና ቀረጸችው፤ ፕራግም፤ በኦስትሪያ ሥር ሳሉ ሚላኖና ቬኒስም። ከዚያ እ.ኤ.አ. 1935 መጣ። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲሰናዳ ከኦስትሪያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ብሩን ለ25 ዓመታት የመቅረጽ መብት ወሰደ፤ ማኅተሞቹም ወደ ሮማ ተጓዙ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ወራሪው ጦር በኢትዮጵያ ገበያ እህልና ከብት ሊገዛ፣ ለባንዳም ደመወዝ ሊከፍል የሚችለው ሕዝቡ በሚቀበለው ገንዘብ ነውና። እንግሊዞች በበኩላቸው የቀይ ባሕር ንግዳቸው በሮማ እጅ እንዳይወድቅ በማግሥቱ ዓመት የራሳቸውን ማኅተም አዘጋጅተው ለንደን ላይ መቅረጽ ጀመሩ። ፓሪስና ብራስልስ ተከተሉ። የዓለም ጦርነቱ ሲደርስ እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ ቦምቤይ ላይ ተቀረጸ። በሱዳን በኩል ወደ ጎጃም የገባው የእንግሊዝ ጦር ተልእኮ ከአርበኞች ጋር ሲሠራ በግመል ጭኖ ያመጣው ገንዘብም ይኸው የማርያ ትሬዛ ብር ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ለባንዳ የተቆጠረውና ለአርበኛ የተቆጠረው ብር ላይ ያለችው ሴት አንዲት ናት፤ ዓመቱም 1780 ነው። በዓይን ሲታይ አንድ ነው። የሚለያቸው በባለ ሁለት ራሱ ንስር ጅራት ላይ ያሉት ላባዎች አደራደር፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው ጌጥና የሉሎቹ አቀማመጥ፣ በጠርዙ ላይ የተቀረጸው ሐረግ ነው። የአንድ ላባ አቅጣጫ የአንድ መንግሥትን ሐሳብ ያሳብቃል። የላባ ቆጠራ የሥራ ፈት ጨዋታ የማይሆነው ስለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ግን ራሴን ልግታ። ገንዘብ እግር አለው። ሮማ ላይ የተቀረጸ ብር በማግሥቱ በአርበኛ ኪስ ሊገኝ ይችላል፤ ከቪየና የመጣው አሮጌ ብር ደግሞ የባሪያ ዋጋም፣ የቡና ዋጋም፣ ከጋሞ ገባር የተሰበሰበ ግብርም ሆኖ ሊሆን ይችላል። ማኅተሙ የትውልድ ቦታውን እንጂ ያደረበትን ቤት አይነግረንም። ያደረበትን ቤት የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው። ባለቤቱን የሚጠይቅ መዝገብ ደግሞ ቪየና ወይም ለንደን ላይ ሊሠራ አይችልም።

ደግሞስ ልዩነት መለየት ለእኛ መቼ እንግዳ ሆነ? ባለፉት ዘመናት ወደ አገራችን የመጡ ተጓዦች ደጋግመው የሚያማርሩት አንድ ነገር ነበር፤ የኢትዮጵያ ነጋዴ ብሩን ዝም ብሎ አይቀበልም። ያገላብጠዋል፤ የዘውዷን ሉሎች ያያል፤ የትከሻዋን ጌጥ ይመረምራል፤ ሁለቱ ፊደላት ካልተነበቡ፣ ፊቷ ከተላላጠ «አይሆንም» ብሎ ይመልሳል። ተጓዦቹ ይህን እንደ ግትርነት ቆጠሩት። እኔ ግን የዛሬዎቹ የቪየናና የለንደን ሊቃውንት በማጉያ መነጽር የሚሠሩትን ሥራ የአልዩ አምባና የጎንደር ነጋዴ በአውራ ጣቱ ይሠራው ነበር እላለሁ። እርሱ ዕውቀቱን አልጻፈውም፤ ከእርሱም ጋር ሄደ።

ከእርሱ የተረፈች ቅንጣት እዚሁ ጫኖ አጋጥማኛለች። ከደጋው ከጨንቻ በኩል ወርደው ከብዙ ዓመት ጀምሮ እዚህ የሚኖሩ አንዲት እናት አራት ጠገራ ብር ነበራቸው። የልጅ ልጃቸውን ለማሳከም ሊሸጧቸው ነበርና ከመሸጣቸው በፊት መዝኜ ፎቶ እንዳነሣቸው ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ብሩን ትተህ ጥላውን ትወስዳለህ?» ብለው ሳቁብኝ። ከዚያ ሦስቱን በአንድ በኩል፣ አንዷን በሌላ በኩል አስቀመጡ። ለምን እንደለዩዋት ስጠይቃቸው «ይቺ ሻካራዋ ናት፤ እናቴ ከሌሎቹ ጋር አታስራትም ነበር» አሉኝ። የጠርዙን ሐረግና የንስሩን ጅራት በኋላ ፎቶው ላይ አስተያየሁ፤ በእርግጥም ያቺ ብር ከሌላ ማኅተም የወጣች ናት። እርሳቸው በጣታቸው ያወቁትን እኔ ያወቅሁት በግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብሮቹ በክብደት ተሸጡ። ልጁ ታክሟል፤ ስለዚህ በሽያጩ ላይ የምናገረው ቅሬታ የለኝም። የቀሩት ስምንት ፎቶዎችና «ሻካራዋ» የምትለው ቃል ናቸው።

ስለ ዐፄ ምኒልክ ብር ብዙ ተጽፏልና አጭር ልሁን። በ1885 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአዋጅ የራሳቸውን ገንዘብ እንዲያወጡ ወሰኑ፤ በ1887 ዓ.ም. ስም የተቀረጸው ብር ፓሪስ ላይ ተሠርቶ መጣ። ምስላቸውን የቀረጸው ፈረንሳዊው ላግራንዥ ነበር። ሕዝቡ ግን ለረጅም ጊዜ ከንጉሡ ይልቅ ንግሥቲቱን አመነ። በጀርባው ያለው አንበሳ በመጀመሪያዎቹ ላይ ግራ የፊት እግሩን፣ በኋለኞቹ ላይ ቀኙን አንሥቷል፤ ይህን ሰብሳቢ ሁሉ ያውቃል። አላዱ፣ ሩቡ፣ ተሙኑ፣ ግርሹ ግን ገና በአንበሳቸው እግር ብቻ የማያልቅ ጉዳይ አላቸው፤ ስማቸው ራሱ ከወጣቶቻችን አፍ ጠፍቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ብርቁ ሳይሆን ርካሹ ሳንቲም ነው። የምኒልክ ብር ዋጋ ስላለው ጠባቂ አያጣም። በ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. ስም የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሳንቲሞች ግን ማን ያስባቸዋል? ያ ዓመተ ምሕረት እንደ ማርያ ትሬዛ 1780 ቆሞ የቀረ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ላይ፣ በኋላም እንግሊዝ አገር ሲቀረጹ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ፍጻሜ ድረስ አልተለወጠም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንት ማኅተም አርጅቶ ተለውጦ ይሆን? ይህን የሚነግረን ከሳንቲሞቹ በስተቀር ሌላ ምስክር በአቅራቢያችን የለም።

ከእነዚህ መካከል የሃያ አምስት ሳንቲሙ ታሪክ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ሲወጣ እንደ ወንድሞቹ ክብ ነበር። መጠኑ ግን ከብር ከተሠራው ሃምሳ ሳንቲም ጋር ተቀራረበና ብልጦች ነሐሱን ብር እየቀቡ በእጥፍ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1952 ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተሸነሸነውን አወጣ፤ በጨለማ በጣት ቢዳሰስም እንዳይሳሳት። አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ አንድ አጭበርባሪና አንድ ጨለማ ቤት ውስጥ ሂሳብ የምትቆጥር ባለ ሱቅ ተጋፍተው የሠሩት ጠርዝ ነው። ይህን ሳንቲም ዛሬ በአርባ ምንጭ ገበያ ጌጣጌጥ ከሚሸጡት ዘንድ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ ክር ገብቶበት አግኝቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ፤ ወደ ቃላት። መዝገብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ገንዘብ ሳይሆን ስም ነው። ማኅተሙ ተሰንጥቆ በሳንቲሙ ላይ የተረፈውን ቀጭን መስመር ምን እንበለው? ማኅተሙ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ አርፎበት ፊደሉ ጥንድ ሆኖ ሲወጣስ? ማኅተሙ ደክሞ ምስሉ የደበዘዘበትን፣ ተጠቅሞ ብዛት ከተላላጠው በምን እንለየው? የእንግሊዝኛውን ቃል በግዕዝ ፊደል ጽፎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ለአንባቢው ግን ምንም አይነግረውም። እኔ ለጊዜው «ስንጥቅ»፣ «መንታ»፣ «የደከመ» እያልሁ እየመዘገብሁ ነው። «የደከመ» በማኅተሙ ድካም፣ «ያለቀ» በሰው እጅ መታሸት ለደበዘዘው። የተሻለ ያለው ይተካው።

ከሁሉ የሚያምሩት ስሞች ግን ከእኔ አልመጡም። አንድ ከሰዓት በኋላ በርካታ ባለ አሥር ሳንቲሞችን ለተማሪዎች አከፋፍዬ በአንበሳው እንዲለዩዋቸው ጠየቅሁ። መነጽር አልሰጠኋቸውም፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ዓይን መነጽር አይሻም። አንዲት ልጅ ጢሙ የረዘመውን ለይታ «ይሄኛው ሽማግሌው ነው» አለች። ሌላኛው ወዲያው «ጎልማሳው» ተባለ። የውጭዎቹ መዝገቦች እነዚህን በነጥብ በተከፈሉ ቁጥሮች ይለያሉ፤ የእኔ መዝገብ ሽማግሌውና ጎልማሳው ይላቸዋል፤ ቁጥሩም ከጎናቸው ይጻፋል። ስም ያወጣችው ልጅ ሳንቲሙን ከእንግዲህ እንደማታልፈው እርግጠኛ ነኝ። የዶርዜ ሸማኔ የጥለቱን አጨራረስ አይቶ «ይህ የእገሌ እጅ ነው» ሲል ሰምታ ያደገች ልጅ የቀራጺ እጅ ሲለዋወጥ ብታውቅ አያስገርምም።

አዲስ አበባ ያለ፣ ከእኔ ይልቅ ብዙ የሰበሰበ ወዳጅ አለኝ። በአንድ ነገር አንስማማም። «ዋጋ ጻፍበት» ይለኛል። ክርክሩ የዋዛ አይደለም። እኚያ እናት «ሻካራዋ» ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ እንደምትሸጥ ቢያውቁ ኖሮ በክብደት ባልሰጧት፣ አንጥረኛውም ባላቀለጣት ነበር፤ ዕውቀትን ከድሃ ሰው ደብቆ ታሪክ አዳንሁ ማለት ግብዝነት ነው ይላል። ሁለት ሌሊት አሰላስዬዋለሁ። ነገር ግን ዋጋ የተጻፈበትን መዝገብ ቀድሞ የሚያነበው ማን ነው? ባለ ሣጥኗ እናት ናቸው ወይስ ከከተማ የሚመጣው ገዢ? ገዢው መዝገቡን በኪሱ ይዞ ብርቁን በተራው ዋጋ ይለቅማል፤ ከዚያ ወዲያ ብሩ የሚታየው በባዕድ አገር ጨረታ ላይ ነው። የ1992 ዓ.ም. የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ሻንጣ ውስጥ የገባን አንድ ጠገራ ብር ቅርስ መሆን አለመሆኑን የሚለይ ፈታሽ ግን ከየት ይመጣል? ዋጋ ደግሞ አስመሳይን ይጠራል። በአዲስ አበባ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች የሚሸጠው ጠገራ ብር ስንቱ አዲስ፣ ስንቱ ቀልጦ የተቀዳ ሐሰተኛ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ስለዚህ መካከለኛ መንገድ መርጫለሁ። በዋጋ ፈንታ እያንዳንዱ ዓይነት ስንት ጊዜ እንደታየ እጽፋለሁ። «ሽማግሌው፤ ይህን ያህል ታይቷል። ሻካራዋ፤ አንድ ጊዜ።» ከዚህ ቁጥር ብርቅ የሆነውን ማንም ይረዳል፤ ሊሸጥ የመጣ ሰውም «የእኔ ስንተኛ ነው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ወዳጄ ይህ ዋጋን በሌላ ስም መጻፍ ነው ይላል። ከፊል እውነት አለው። ቢሆንም በገንዘብ የተጻፈ ዋጋ ሌላ ቦታ ያለ ገበያ የወሰነው ነው፤ የመታየት ቁጥር ግን በጫኖ፣ በጨንቻ፣ በወላይታ ሶዶ፣ በደሴ ሣጥን በከፈተ ሰው ቁጥር ያድጋል። አንድ ሰው አንድ ሳንቲም አሳይቶ በመዝገቡ ላይ ቁጥሩን ከአንድ ወደ ሁለት ሲያሳድግ የመዝገቡ ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

የሥራው ደንብ እስካሁን ይህ ነው። ሳንቲሙ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። አይታጠብም፣ አይወለወልም፤ ሎሚና አመድ የነካው ሳንቲም የማኅተሙን ጥቃቅን መስመር ያጣል። ፊቱ፣ ጀርባውና ጠርዙ ፎቶ ይነሣል። የወርቅ አንጥረኛ ሚዛን ከተገኘ ይመዘናል። የባለቤቱ ስም አይጻፍም፤ ሳንቲሙ የት ቀበሌ እንደታየና ባለቤቱ በምን ስም እንደሚጠራው ግን ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ትርፍ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ከሚዛኑም ከፎቶውም አስበልጠዋለሁ፤ ሌሎች መዝገቦች የሌላቸው እርሱ ነውና።

በቅርቡ የጀመርሁት የ፲፱፻፴፮ቱን ሃያ አምስት ሳንቲሞች ነው፤ ክቡንም የተሸነሸነውንም። የሽንሽኑን ጥልቀት ከአንዱ ሳንቲም ወደ ሌላው እያስተያየሁ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ያለበትም፣ ክር ያለበትም፣ ዝገት የበላውም ቢሆን ሳትንቁ አሳዩኝ። ጠርዙን ስታነሡ ሳንቲሙን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁማችሁ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲመጣ አድርጉ።